ከቅቤ እስከ ንቅለ ተከላ፦ የራስ ፀጉር ታሪክ በፎገራ ሜዳና በበጌምድር

በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በባህልና ቱሪዝም ሚኒስትሯ በዶክተር ሂሩት ካሳው የተመራ የኢትዮጵያ ልዑክ ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም አንድ አደራ ተረከበ። አደራው ወርቅ ወይም ብራና አልነበረም፤ የዐፄ ቴዎድሮስ የራስ ፀጉር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከወደቁ በኋላ ከራሳቸው ላይ ተቆርጦ ባሕር የተሻገረው ይህ ፀጉር፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሙዚየሙ የተበረከተው አስከሬናቸውን በሣለው ሠዓሊ ቤተሰቦች ነው። አገሩ ሲገባ ሕዝቡ እንደ ዓፅም ተቀበለው።

የዚህ ፀጉር ታሪክ በቀድሞው በጌምድር፣ ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ላይ ካለችው ከወረታ ከተማ ብዙ አይርቅም። ቴዎድሮስ ዋና ከተማ ያደረጉት ደብረ ታቦር ከወረታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሆርሙዝድ ራሳም የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1858 ዓ.ም. የንጉሡን ቃል ሲጠብቅ የሰነበተው ከፎገራ ሜዳ በስተደቡብ፣ በጣና ዳር ባለችው በቆራጣ ነበር። በዘመኑ የተሣሉ ሥዕሎች ንጉሡን የሚያሳዩት ፀጉራቸውን በወፋፍራም ጉንጉን ወደ ኋላ ተሠርተው ነው። ያ አሠራር ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የጦረኛ ምልክት ነበር። የበጌምድር ሰው የሌላውን ማንነት ከልብሱ ቀጥሎ የሚያነበው ከራሱ ላይ ነበርና።

ንባቡ የሚጀምረው ከልጅነት ነበር። ወንዱ ልጅ ራሱን ተላጭቶ መሐል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፤ ክፉ ቀን ቢመጣ መልአክ በቁንጮው ይዞ ያወጣዋል ይባላል። ሴቷ ጋሜ ትሆናለች። ከፍ ስትል ደግሞ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታሳድጋለች፤ ሳዱላ ናት፣ ገና አልተዳረችም ማለት ነው። ስታገባ አናቷን ታሳድግና ሹሩባ ትሠራለች። ባል ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞትባት መልሳ ትላጫለች፤ ፀጉሯ እስኪያድግ ድረስ አላፊ አግዳሚው ሐዘንተኛ መሆኗን ሳይጠይቅ ያውቃል። ወንዱ በበኩሉ ዘመቻ ወርዶ ጠላት ሲጥል ወይም አንበሳ ሲገድል ፀጉሩን የመሠራት መብት ያገኝ እንደነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ጽፈዋል። ተሠርቶ አደባባይ የወጣ ሰው ታሪኩን ለብሶ እንደወጣ ይቆጠር ነበር።

የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ቶሎ ተረድተውታል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የአገሩን ልብስ መልበስ ብቻውን እንደማይበቃ ገባው። ፀጉሩን እንደ ጎንደር ሰው ዙሪያውን አስከርክሞና አስጠቅልሎ፣ ሽቶ ተቀብቶ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት ወደ ዓባይ ምንጭ ሲጓዝም በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ አልፏል። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1843 የመጣው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ደግሞ ባርኔጣውን ጥሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ቅቤ እየተቀባ ሦስት ዓመት ያህል በአገሬው ወግ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1853 ያሳተመው መጽሐፍ አናት ላይ የተደረገ ቅቤ በፀሐይ እየቀለጠ እንዴት ወደ ትከሻ እንደሚወርድ እንደ ባለቤት ይተርካል።

ቅቤው ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ ፎገራ ቀጥተኛ መልስ አለው።

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ውሃው ወደ ጣና ሲሸሽ ሣር ጥሎ ይሄዳል። በዚያ ሣር ላይ ያደገው የፎገራ ከብት በወተቱ ስመ ጥር ነው፤ ዝርያው እንዳይጠፋም ባሕር ዳር አጠገብ ባለው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እየተጠበቀ ይራባል። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። ቅቤው ከወጡ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ራስ ነበር።

ለበዓል ዋዜማ ራስ መሠራት የሴቶች የጋራ ሥራ ነበር። ተሠሪዋ መሬት ትቀመጣለች፣ ሠሪዋ ከኋላዋ ዱካ ላይ ሆና የተሠሪዋን ራስ በጉልበቶቿ መሐል ትይዛለች። ፀጉሩ በእንጨት ሚዶ ይፈታል፤ በጣት ጫፍ ይከፈላል፤ ከግንባር ወደ ማጅራት መስመር በመስመር ይጎነጎናል። አልባሶ ከሆነ ቀጭኑና ወፍራሙ ጉንጉን እየተፈራረቀ ይወርዳል። ሥራው ሲያልቅ በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረግና በሻሽ ይጠመጠማል። ሌሊቱን ሙሉ እየቀለጠ የራሱን ቆዳ ያርሳል፣ ቀን ደግሞ ከፀሐይና ከደረቅ ነፋስ ይጠብቃል። ያን ያህል የተደከመበት ሥራ በአንድ ሌሊት እንዳይፈርስ ደግሞ ማጅራትን የሚደግፍ የእንጨት ብርኩማ ነበረ።

ፀጉር ይህን ያህል ነገር የሚናገር ከሆነ ሲጠፋ የሚጎዳው መልክን ብቻ አይደለም። መላጣ ሰው ላይ ማሾፍ ነውር መሆኑን ሕፃናት የሚማሩት ከመጽሐፈ ነገሥት ነው፤ በነቢዩ በኤልሳዕ ራሰ በራነት የተሳለቁ 42 ልጆችን ሁለት ድቦች እንደሰበሯቸው ቄሱ ይነግሯቸዋል። በዕድሜ የመጣ ራሰ በራነት እንዲያውም የሽማግሌ ግርማ ነው። የከፋው በልጅነት የሚመጣው ነው።

በበጌምድር መንደሮች የብዙ ሕፃን ራስ በአንድ ምላጭ ይላጭ ነበር። ቁንጮውን ለማሳመር የተሳለው ምላጭ፣ ለሁሉም የሚያገለግለው ሚዶና አንዱ ለሌላው የሚያውሰው ሻሽ ቆረቆርን ከራስ ወደ ራስ ያዛምታሉ። ቆረቆር የሚመጣው በፈንገስ ነው፤ በኢትዮጵያ ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘውም ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ዓይነት ነው። ቅርፊት ይሠራል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩን ከሥሩ ይሰብረዋል። ቶሎ ከታከመ ፀጉሩ ይመለሳል። ፋቩስ የተባለው ብርቱ ዓይነት ግን ቢጫ ቅርፊት ሠርቶ ሥሩን እስከ ወዲያኛው ያጠፋዋል፤ በቦታው የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ብቻ ይቀራል። ልጁ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ኮፍያውን የማያወልቀው ለዚህ ነው።

ሹሩባም የራሱ ዋጋ አለው። በጥብቅ የተጎተተ ፀጉር ከዓመት ዓመት ከግንባርና ከጆሮ ግንድ አካባቢ እየሳሳ ይሄዳል። ሐኪሞች ይህን ጉዳት መጀመሪያ የመዘገቡት በአፍሪካ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በግሪንላንድ፣ ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ አጥብቀው በሚያስሩ ልጃገረዶች ላይ ነው። መጎተቱ በጊዜ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለብዙ ዓመት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞታል። የጥንት ሠሪዎች ቅቤ አብዝተው፣ እጃቸውን አላልተው መሥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሕዝቡ መድኃኒት ፍለጋ ያልረገጠው ቦታ የለም። ከፎገራ ቀጥሎ ባለው የደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቀው የዋንዛዬ ፍል ውሃ የቆዳ በሽተኛውን ከሩቅ ሲሰበስብ ኖሯል። ጠበል የሚጠመቀውም፣ ሬትና እንዶድ የሚቀባውም ብዙ ነው።

ከሁሉ የከፋ ምልክት የሚያትመው የሥጋ ደዌ ነበር። በሽታው ሲበረታ ቅንድብን ያረግፋል። ቅንድቡ የረገፈ ሰው ቁስሉ ቢድንም፣ መድኃኒቱን ቢጨርስም ፊቱ ያሳብቅበታል፤ ከገበያም ከማኅበርም ይርቃል። ከራስ ፀጉር ወስዶ ሌላ ቦታ የመትከል ጥበብ ከውበት ፍላጎት ይልቅ ለክብር መመለሻ የዋለው እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ሕንድ ቬሎር እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የተጣመመ እጅ ማቃናት ሲጀምር፣ ከጊዜ በኋላ ሥራው ወደ ፊትም ተሻገረ፤ ፀጉር ያለበትን የራስ ቆዳ ወስዶ በቅንድብ ቦታ መትከል የሥጋ ደዌ ቀዶ ሕክምና አንዱ ክፍል ሆነ። በአዲስ አበባም በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ቦታ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የአፍሪካን ሐኪሞች በሥጋ ደዌ ሕክምናና ማገገሚያ የሚያሠለጥን ማዕከል ሆነ። ዛሬም የአገሪቱ የቆዳ ሐኪሞች ዋነኛ መፍለቂያ ነው።

የተቀረው ዓለም መንገድ ሌላ ነበር። በጀርመን ቩርትስቡርግ ተማሪ የነበረው ዲፈንባኽ እ.ኤ.አ. በ1822 ፀጉርን ነቅሎ መትከል እንደሚቻል ሞከረ፤ ሙከራው ግን ተረሳ። ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ሌላ መንገድ አሳየ። ራሳቸው በእሳት ተቃጥሎ ጠባሳ ለቀረባቸው ሰዎች፣ ቅንድብ ላጡትም ጭምር፣ ከጤነኛው ቦታ በክብ መብሻ ፀጉር ያዘለ ቆዳ እያወጣ ተከለላቸው። ጽሑፉ በጃፓንኛ ነበር፤ ጦርነቱም ተከተለ፤ ምዕራቡ ዓለም ሳይሰማው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ኖርማን ኦረንትራይክ በወንዶች ራሰ በራነት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ፤ ውጤቱን በ1959 ሲያሳትም የዛሬው ሕክምና የቆመበትን መርሕ አስቀመጠ። ከማጅራት የተወሰደ ፀጉር አናት ላይ ቢተከልም የማጅራት ጠባዩን አይለቅም፤ የአናቱ ፀጉር በሆርሞን ምክንያት ሲረግፍ እርሱ ይጸናል። ሙሉ በሙሉ መላጣ የሆነ ሰው እንኳ በማጅራቱና በጆሮው ዙሪያ ፀጉር የሚቀርለት በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ንቅለ ተከላዎች አያምሩም ነበር። መብሻው አራት ሚሊ ሜትር ያህል ስለነበር ፀጉሩ በቁጥቋጦ በቁጥቋጦ ሆኖ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ እያዩ ፀጉርን በተፈጥሮ አበቃቀሉ፣ ከአንድ እስከ አራት ዘለላ ባለው በአንድ ሥር መለየት ቻሉ። በ2000ዎቹ ደግሞ ቆዳ በቁራጭ ሳይቆረጥ እያንዳንዱን ሥር ከአንድ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ መብሻ ማውጣት ተስፋፋ። የሩዝ ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ማሳ ላይ በመስመር ሲተከል ያየ ሰው አካሄዱን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ልዩነቱ እዚህ መደቡ እንደገና የማይዘራ መሆኑ ነው። ከማጅራት የተነቀለው አይተካም።

የታካሚው ቀን ረጅም ነው። ጠዋት ሐኪሙ አዲሱ የግንባር መስመር የት እንደሚያርፍ በእስክሪብቶ ይሥላል፤ ዕድሜውን ያላገናዘበ መስመር ከዓመታት በኋላ ያሳፍራልና ይህ ሥዕል ከመርፌው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከዚያ ማጅራቱ ይላጫል፤ ታካሚው በደረቱ ተኝቶ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል። ብዙዎች ሕመም ብለው የሚያስታውሱት ይህንኑ መርፌ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመሣሪያው ድምፅና የጓንት መነካካት ነው። ሥሮቹ አንድ በአንድ ወጥተው በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይቆጠራሉ። ከምሳ በኋላ ታካሚው በጀርባው ይገለበጣል፤ አናቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈቱና እያንዳንዱ ሥር ወደ ተፈጥሮ አቅጣጫው እንዲያዘነብል ሆኖ ይገባል። ሁለትና ሦስት ሺሕ ሥር ለመትከል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ታካሚው ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ የተተከለውን አይነካም፣ አያክክም። ቅርፊቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረግፋል። ቀጥሎ ብዙውን ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል፦ የተተከለው ፀጉር ራሱ ይረግፋል። ሥሩ ግን በሕይወት አለ። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ቀጭን ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሙሉው ውጤት የሚታየው ዓመት ሲሞላው ነው።

የኢትዮጵያዊ ፀጉር ለዚህ ሥራ ጥቅምም ችግርም አለው። የተጠቀለለ ፀጉር ትንሹ ብዙ ቦታ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በትንሽ ሥር ጥሩ ውጤት ይገኛል። ነገር ግን ጥቅልሉ ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም፤ ሥሩም ከቆዳ በታች ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ፀጉር የለመደ እጅ መብሻውን ቀጥ አድርጎ ሲያወርድ ሥሩን ለሁለት ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ላይበቅል ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ቁስል ሲድን የሚያብጠው ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ በብዛት ይታያልና ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጠባሳ የወጣበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። በቆረቆር ወይም በሌላ ጠባሳ በሚያስቀር በሽታ የተጎዳ ራስ ከሆነ ደግሞ በሽታው ፈጽሞ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት፤ በሚነድ ቁስል ላይ የተተከለ አይጸናም።

ይህ ጥበብ በሌላው ዓለም ሲያድግ ወረታና አካባቢዋም ባሉበት አልቆሙም። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኛው አገሩ ነፃ እስክትወጣ አልቆረጥም ብሎ ያሳደገው ጎፈሬ በጎጃሙ በላይ ዘለቀ ምስል ለትውልድ ተረፈ። ከዚያ የ1960ዎቹ ተማሪ አፍሮ መጣ፤ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ከተማዋን መገናኛ አደረጋት። በዚያው ዘመን ገደማ ሜዳው ላይ የገባው ሩዝ ኤክስ ጅግና በተባለው ዝርያ ተስፋፍቶ የግጦሹን መሬት ወሰደ፤ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫም ወረታ ሆነች። ሩዙ ገበሬውን ጠቅሟል። ከብቱ ግን ጠበበው፤ ቅቤውም ለራስ የሚተርፍ ርካሽ ነገር መሆኑ ቀረ። ሹሩባው ከዱካ ወደ ፀጉር ቤት ወንበር ተዛወረ፤ ቅቤውን ሰው ሠራሽ ቅባት፣ የእናትን እጅ ዊግና ቅጥያ ተካው። ቅጥያ ክብደት አለው፤ ክብደቱ የሚጎትተው ደግሞ ያንኑ የግንባር ፀጉር ነው።

ዛሬ ፀጉሩ የሳሳበት ኢትዮጵያዊ ዓይኑን የሚጥለው ኢስታንቡል ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ ከተማዋም የዓለም የፀጉር ንቅለ ተከላ ማዕከል ሆናለች። በአዲስ አበባም አገልግሎቱን የሚሰጡ ክሊኒኮች ተከፍተዋል። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ግን ሐኪም ስሙን ብቻ ሰጥቶ ቀዶውን ፈቃድ የሌለው ሰው የሚሠራባቸው ቤቶች መብዛታቸውን ነው። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ከዋጋው በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ፀጉሬ የሚረግፈው በምን ምክንያት ነው? ቀዳዳውን የሚከፍተውና ሥሩን የሚያወጣው ማን ነው? እንደ እኔ የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ስንት ጊዜ ሠርቷል? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው የቆዳ ሐኪም ነው፤ እርሱን ሳያዩ ቲኬት መቁረጥ አይገባም።

ይህ ሕክምና ያለውን ፀጉር ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ስለዚህ በፎገራ ሜዳ ትልቁ የፀጉር ሥራ ያለው በቀዶ ክፍል ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ግቢና በጤና ኬላው ነው። ቆረቆር የያዘው ልጅ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ውስጥ ስላለ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ግሪሲዮፉልቪንም ለዚህ ከዋለ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ራስ ላይ ቅርፊት ወይም የሳሳ ቦታ ስታዩ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ወንድም እህቶቹንም አብራችሁ አስመርምሩ። ፀጉር አስተካካዮች፣ ምላጩን ለእያንዳንዱ ራስ ቀይሩ፣ ማሽኑንና ሚዶውን በአልኮል አጽዱ። ሹሩባ ሠሪዎችም የልጆችን ግንባር አላልታችሁ ሥሩ።